ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል፤ ቃላት ልሸምድድ ወይስ የቆየ ፈተና ልሥራ?

ጥያቄ፦ የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደሴ ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለብሔራዊ ፈተና ወደ ተመደብንበት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቀሩን ዘጠኝ ቀናት ብቻ ናቸው። ታሪክና ጂኦግራፊ እምብዛም አያሳስቡኝም፤ ሒሳብንም የምችለውን ያህል ሠርቼ ቀሪውን ለአላህ ትቼዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ወር በተሰጠን የሞዴል ፈተና ያገኘሁት ከ100 ሲታሰብ 41 ሲሆን፣ የምፈልገው ደግሞ ቢያንስ ግማሹን አልፌ በሌሎቹ ትምህርቶች ድምሬን መሙላት ነው።

ያጋጠመኝን እንዳለ ልንገራችሁ። በሞዴሉ ላይ 47ኛው ጥያቄ ስለከበደኝ ዘለልኩት፤ በመልስ ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩን መዝለል ረሳሁ። የ48ን መልስ በ47 ቦታ አጠቆርኩ፣ የ49ን በ48 ቦታ አጠቆርኩ፣ እንዲህ እያልኩ 63 ላይ ስደርስ ነው የነቃሁት። ሁሉንም በላጲስ ማጥፋት ስጀምር ወረቀቱ ሳስቶ ሊበሳ ደረሰ፤ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ብቻ አሥር ደቂቃ ያህል ሄደብኝ። የመጨረሻውን ምንባብ ገና አንድ አንቀጽ እንዳነበብኩ «እርሳስ አስቀምጡ» ተባለና የቀሩትን ጥያቄዎች ሳላያቸው ወረቀቱ ተሰበሰበ።

መሠረቴም ጠንካራ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህም የእንግሊዝኛ መምህራችን ሦስት ጊዜ ተቀያይሮብናል። አሁን አንዲት ጓደኛዬ ከቴሌግራም ያወረደችውን አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነፍቺያቸው የያዘ ዝርዝር ሰጥታኛለች። በሁለት ቀን 140 ቃላት ሸምድጄ ትናንት ማታ ራሴን ብፈትን በአእምሮዬ የቀሩት 30 እንኳን አይሞሉም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ዝርዝሩን ጣይውና የቆዩ ፈተናዎችን ሥሪ» ይለኛል። በቀሩኝ ቀናት የትኛው ይሻለኛል? በዚህ ያለፋችሁ ወይም የምታስተምሩ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ፣ የእንግሊዝኛ መምህር)

ልጄ፣ አብሽሪ። ወንድምሽ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቆየ ፈተና መሥራት ሲባል ብዙ ተማሪ የሚሠራበት መንገድ ከሽምደዳው ስለማይሻል ነገሩን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በራሳችን ፊደል የምጽፈው ስልኬ ላይ ሁለቱን መቀያየር ስለሚያደክመኝ ነውና አትሳቂብኝ።

በመጀመሪያ 41 ያልሽው ውጤት የእውቀትሽ ልክ አይደለም። ከውስጡ የተዛነፈው መስመርና ያልተነበበው ምንባብ የወሰዱት ድርሻ አለ። ዛሬ ማታ ያንኑ የሞዴል ወረቀት አውጪና ያልደረስሽባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ያለ ሰዓት ሥሪያቸው። ግማሹን ካገኘሽ ችግርሽ በአመዛኙ የጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሊታረም ይችላል። የአራት ዓመት እንግሊዝኛ ግን በዘጠኝ ቀን አይታረምም፤ ስለዚህ አዲስ የሰዋስው መጽሐፍ አትክፈቺ።

ከዚህ በፊት ከተሰጡት የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች ብዙዎቹ 120 ጥያቄዎችን በ120 ደቂቃ የሚጠይቁ ነበሩ። አንድ ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን ምንባቦቹን የማንበቢያው ጊዜ በዚያው ውስጥ የተካተተ ስለሆነ የሰዋስውና የቃላት ጥያቄዎችን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ማለፍ ግድ ይሆናል። ይህን ፍጥነት በመሸምደድ አታገኚውም። በቀሩሽ ቀናት ሦስት ሙሉ ወረቀቶችን፣ አንዱን በአንድ ቀን፣ ጠዋት ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ተቀምጠሽ ሥሪ። በመካከሉ ባለው ቀን አዲስ ወረቀት አትንኪ፤ የሳትሻቸውን ብቻ እየመረመርሽ «ለምን ይህን መረጥኩ?» የሚለውን በአማርኛ በአንድ መስመር ጻፊ። አብዛኛው ተማሪ ወረቀቱን ይሠራል፣ ነጥቡን ይቆጥራል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አሥር ወረቀት ሠርቶ አሥሩም ላይ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራ ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ።

የቃላቱን ዝርዝር በተመለከተ፣ ፈተናው አንድ ቃል ነጥሎ «ፍቺው ምንድን ነው?» ብሎ ከሚጠይቅባቸው ይልቅ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚጠይቅባቸው ይበዛሉ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢመጣ፦ «ዘ ፋርመር ዋዝ ሪላክታንት ቱ ሴል ሂዝ ኦንሊ ኦክስ፤ ሂ ትራይድ ኤቭሪ አዘር ዌይ ፈርስት።» «ሪላክታንት» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት አላየሽውም እንበል። በሬው «ኦንሊ» ነው፣ ማለትም አንድ ለእናቱ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ከመሸጡ በፊት ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሯል። አንድ የወሎ ገበሬ ያለችውን አንዲት በሬ በዘር ወቅት ለመሸጥ ምን እንደሚሰማው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከአራቱ ምርጫዎች «ደስተኛ» እና «ዝግጁ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ወዲያው ትሰርዣለሽ፣ ከቀሩት ሁለቱ ደግሞ «ያልፈለገ፣ ያመነታ» ወደሚለው ትሄጃለሽ። ይህን ለማድረግ «ኦንሊ» እና «ፈርስት» የሚሉትን ቀላል ቃላት ማወቅ ብቻ በቂ ነበር። ዝርዝሩን መያዝ ከፈለግሽ ከሞዴሉና ከምትሠሪያቸው ወረቀቶች ውስጥ ያላወቅሻቸውን ቃላት ብቻ፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው፣ በቀን ከ15 ሳይበልጡ ያዢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በማስተምርባቸው ዓመታት እንዳየሁት ልጆቻችን ሰዋስው ላይ የሚስቱት ደንቡን ስለማያውቁት ብቻ ሳይሆን አማርኛው ስለሚጎትታቸው ነው። የሚጎትትበትን ቦታ ካወቅሽ በአንድ ማታ የምታገኚው ነጥብ ብዙ ነው።

አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ ያስቀምጣል። «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ስንል የሚመጣው እርሱ ቢሆንም ግሡ «እመጣለሁ» እንደሆነ ይቀራል። እንግሊዝኛ ግን በሪፖርትድ ስፒች ጊዜ ተናጋሪውን ከ«አይ» ወደ «ሂ»፣ «ዊል»ን ወደ «ውድ»፣ «ቱሞሮው»ን ወደ «ዘ ፎሎዊንግ ዴይ» ይለውጣል። ልጆቻችን ግን ሦስቱን መለወጥ ሲገባቸው አንዱን ለውጠው ሁለቱን ይተዋሉ፤ ከምርጫዎቹም አንዱ ሁልጊዜ ይህንኑ ስህተት ይዞ ይጠብቃቸዋል። ምርጫውን ከማየትሽ በፊት ሦስቱን ለውጦች በጣትሽ ቁጠሪ።

«ካላጠናች አታልፍም» በሚለው አማርኛ ውስጥ «ካል» አፍራሽ ነው። «አንለስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም አፍራሹን በሆዱ ይዟል፤ ስለዚህ ከ«አንለስ» ቀጥሎ «ዳዝንት» የሚል ምርጫ ካየሽ አፍራሹ ሁለት ጊዜ ገብቷልና ሰርዢው። በተመሳሳይ መንገድ «ቢደክመውም ግን ሠራ» ማለት በአማርኛ ነውር የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ብለሽ ከጀመርሽ በመካከል «በት» አይገባም።

«ከ2012 ጀምሮ ደሴ እኖራለሁ» ስትዪ ግሡ የአሁን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ከ«ሲንስ» ጋር የአሁኑን ሲምፕል ፕረዘንት አይቀበልም፤ «ሃቭ ሊቭድ» ይላል። ይህ በየወረቀቱ ሊባል በሚችል ደረጃ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አማርኛ የሚረዳሽም ቦታ አለ። ኮንዲሽናል የሚባለውን ሁሉም ይፈራዋል፤ እኔ ግን በአማርኛ መንገድ ነው የማስተምረው። «ካጠናች ታልፋለች» አንደኛው ነው፤ በእንግሊዝኛው በአንድ በኩል ፕረዘንት፣ በሌላው «ዊል» ይኖራል። «ብታጠና ታልፍ ነበር» ስንል ገና ሊሆን የሚችል ግን የማይመስል ነገር ነው፤ ይህ ሁለተኛው ሲሆን ፓስትና «ውድ» ይይዛል። «አጥንታ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር» ስንል ደግሞ «ኖሮ» የምትለዋ ቃል ነገሩ አልፎ መቅረቱን ትነግረናለች፤ እርሷን ባየሽ ቁጥር በእንግሊዝኛው «ሃድ» ከፓስት ፓርቲሲፕል ጋር፣ በሌላው በኩልም «ውድ ሃቭ» ይመጣል። ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሺና «ኖሮ» ይገባበታል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

መስተዋድድ ላይ ግን አማርኛ አያግዝሽም። በሰኞ፣ በሁለት ሰዓት፣ በደሴ፣ በመኪና፣ በቢላዋ፤ አምስቱንም ጊዜ «በ» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛው በተራ «ኦን»፣ «አት»፣ «ኢን»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ» ነው። እነዚህን አምስት ብቻ በወረቀት ጽፈሽ ከአልጋሽ ራስጌ ለጥፊ።

አንቀጽ የማስተካከል ጥያቄዎች ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፊ። «ዚስ»፣ «ሂ» ወይም «ሃውኤቨር» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከበፊቱ ያለ ነገር ስለሚፈልግ የመጀመሪያ ሊሆን አይችልም፤ ይህ ብቻውን ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ሊጥልልሽ ይችላል።

የመልስ ወረቀቱን ነገር ደግሞ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ፍቺው። መልስሽን መጀመሪያ እዚያ አክብቢ፤ የዘለልሽውን ጥያቄ ቁጥር በትልቁ አክብቢ፤ በየአሥሩ ጥያቄ የመልስ ወረቀቱን ቁጥር ከጥያቄው ቁጥር ጋር አመሳክሪ። ቢዛነፍ እንኳን የምታጠፊው ከአሥር አይበልጥም። ምንባቡን ለመጨረሻ አስቀምጪ፤ ሰዋስውና ቃላቱን በ70 ደቂቃ ጨርሰሽ የቀረውን ለእርሱ ስጪ።

መልስ 2፦ የላስታ መንገደኛ (ወልድያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

እኅቴ፣ መምህሩ ስለ አማርኛው የጻፉትን እኔም በጊዜዬ ባገኘሁት ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ። በአንድ ነገር ግን ይቅርታ ጠይቄ አልስማማም፤ እርሱም ምንባቡን ለመጨረሻ ማስቀመጥ ነው።

እኔ የተፈተንኩት በ2016 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣነው ከተፈተነው 5.4 በመቶ ብቻ ነበርን፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ድምሩ ከ600 ስለሚያዝና እንግሊዝኛም እንደ ሒሳቡ ከ100 ስለሚቆጠር፣ በእንግሊዝኛ የምትጨምሪያት እያንዳንዷ ነጥብ በጂኦግራፊ ከምትጨምሪያት እኩል መሆኗን እንድታስታውሺ ነው። የማለፊያው ወሰን ላይ የቆሙ ብዙ ልጆችን በአንድ ሁለት ነጥብ ሲቀሩ አይቻለሁ።

እኔ በሞዴሉ ምንባቡን ለመጨረሻ አስቀምጬ ስለነበር እንደ አንቺው አሥራ ሁለት ጥያቄ ሳልነካ ቀረሁ። በዋናው ፈተና ላይ ገልብጬ ምንባቦቹን መጀመሪያ ሠራሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ሰዋስው ጭንቅላት ደክሞም ይሠራል፤ የምታውቂውን ታውቂዋለሽ፣ የማታውቂውን ትገምቻለሽ። ምንባብ ግን የደከመ ጭንቅላት አይወድም፤ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብበሽ ምንም ሳይገባሽ ሰዓቱ ይሄዳል። ጥያቄዎቹን ቀድመሽ አንብቢ፣ ከዚያ በኋላ ምንባቡን፤ «ኢት» ወይም «ዘይ» በመስመር ይህን ያህል ማንን ያመለክታል የሚሉትን መጀመሪያ ልቀሚያቸው፣ ቀላል ናቸውና። ከመልስ ወረቀቱ ጋር ግን ተጠንቀቂ፤ ከመካከል ስትጀምሪ መዛነፉ ይብሳልና የምንባቡ የመጀመሪያ ጥያቄ ቁጥር በመልስ ወረቀቱ ላይ የት እንዳለ ጣትሽን አስቀምጠሽ ጀምሪ።

ስለ ካምፓሱ ደግሞ ሁለት ነገር ልበልሽ። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስትለማመጂ ጊዜሽን በስልክ ሳይሆን በግድግዳ ሰዓት ለኪ። ሌላው እንቅልፍ ነው። በሐምሌ ዝናብ፣ በማታውቂው ክፍል ውስጥ፣ ከማታውቂያቸው ብዙ ልጆች ጋር ነው የምታድሪው። እኔ ባደርኩበት ክፍል አንዱ ልጅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃላት ይሸመድድ ነበር፤ «ተው» ብለነው ተጣልተን አደርን። ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ እንዲሁም ለጆሮ የሚሆን ጥጥ ያዢ። ብርዱን አንቺ የደሴ ልጅ ስለሆንሽ አታስቢበትም ይሆናል፤ ከቆላ የመጡት ግን ተሰቃይተዋል።

መልስ 3፦ የአምባሰል ሰው (ውጫሌ፣ የታሪክ መምህር)

እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ባልሆንም በከተማዬ ስም አንድ ቃል ልጨምር። ጠያቂዋ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ስለሆነች ይህን ሳትማረው አትቀርም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አስመስሎ ተጽፎ ነበር። ጠቡ እያደገ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰን። በእንግሊዝኛው ፈተና «ሜይ»፣ «ካን»፣ «ሹድ»፣ «መስት» የሚሉት ሞዳል ግሦች በመጡ ቁጥር ይህንን አስታውሺ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚፈቅድ ነው ወይስ የሚያስገድድ? ተማሪዎቼ ታሪኩን ካስታወስኳቸው በኋላ «ሜይ» እና «መስት»ን ሲያደባልቁ አላይም።

ሁለተኛው ጉዳይ በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና ከነመልሱ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትን ይመለከታል። በዚህ ሳምንት ሁለት ተማሪዎቼ ከወላጅ ለትራንስፖርት የተሰጣቸውን ብር ልከው የቆየ ወረቀት ቀኑ ተቀይሮ ደርሷቸዋል። በእርግጥ በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ነበር፤ የሆነው ግን ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ነው። ያን ጊዜ መልሱን ሸምድዶ የገባው ተማሪ በሁለተኛው ፈተና ባዶ እጁን ቀረ። ከፈተናዎች አገልግሎት ወይም ከትምህርት ቤትሽ ያልመጣ ወረቀት ከሆነ ለልምምድም ቢሆን ገንዘብ አትክፈዪበት።

የጠያቂዋ ምላሽ (ከአራት ቀን በኋላ)፦ የጦሳ ሥር ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይጨምርላችሁ። መምህር እንዳሉኝ ያልደረስኩባቸውን የሞዴል ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ብሠራቸው ከግማሽ በላይ አገኘሁ። ከዚያ ሁለት ሙሉ ወረቀቶች ሠራሁ። የመጀመሪያውን በመምህሩ መንገድ ምንባቡን ለመጨረሻ አድርጌ ከ120 ያገኘሁት 58 ሲሆን፣ ስድስት ጥያቄዎችም ሳይነበቡ ቀርተዋል። ሁለተኛውን በወልድያው ወንድሜ መንገድ ምንባቡን አስቀድሜ ሠርቼ 66 አገኘሁ። የጨመረልኝ ምንባቡ ይሁን ወይስ ሁለተኛው ወረቀት ቀለል ብሎ እንደሆነ አላወቅኩም። ሪፖርትድ ስፒች ላይ ግን በመጀመሪያው ወረቀት ከመጡት አራቱንም ስቼ በሁለተኛው ሦስቱን አገኘሁ፤ ይህ በእርግጥ የጣት ቆጠራው ነው። እናቴ እንኳን ራስጌዬ ላይ የለጠፍኩትን አይታ «በቢላዋ ማለት ነው እንዴ ዊዝ?» ብላ ሳቀች።

የሚቀረኝ አንድ ነገር የንግግር ጥያቄዎች ናቸው። «ዲድንት ዩ ሂር ዘ ቤል?» ለሚለው ጥያቄ ደወሉን ያልሰማችው ልጅ መልስ ምን ይሆናል ሲባል «የስ፣ አይ ዲድንት» መርጬ ስሳሳት፣ «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ለሚለው ደግሞ ልተባበር ብዬ «የስ፣ አይ ውድ» መርጬ እንደገና ተሳሳትኩ። ሁለቱም «የስ» ትክክል ይመስሉኝ ነበር። መልሱን የማላውቀውን ጥያቄስ ባዶ ልተው ወይስ ልገምት?

መልስ፦ ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጎሽ የኔ ልጅ። 66ቱን በመጀመሪያ ልቀበል፤ የወልድያው ወጣት ረትቶኛል። ለብዙ ልጆች የእኔ መንገድ ይሠራል፣ ለአንቺ ግን አልሠራም፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወረቀት ላይ እንደገና አትሞክሪው፣ ምንባቡን አስቀድመሽ ሥሪ።

ሁለቱም ስህተቶችሽ የአማርኛ ናቸው። «አልሰማሽም?» ተብለሽ በአማርኛ «አዎ፣ አልሰማሁም» ብትዪ ትክክል ነሽ፤ «አዎ» የምትዪው ጠያቂው ባለው ነገር ስለተስማማሽ ነው። እንግሊዝኛ ግን የጠያቂውን አባባል አይቶ ሳይሆን ነገሩ ሆኗል ወይስ አልሆነም ብሎ ነው የሚመልሰው። አልሰማሽ ከሆነ ጥያቄው በምንም ዓይነት ቢቀርብ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው፤ ሰምተሽ ከሆነ «የስ፣ አይ ዲድ» ነው። ከ«የስ» በኋላ «ዲድንት» ያለበት፣ ከ«ኖ» በኋላ «ዲድ» ያለበት ምርጫ ካየሽ ሳታነቢ ሰርዢ።

«ውድ ዩ ማይንድ» ደግሞ ቃል በቃል «መስኮቱን ብትከፍቺ ቅር ይልሻል ወይ?» ማለት ነው። «የስ» ካልሽ ቅር ይለኛል፣ አልከፍትም ማለትሽ ነው። ለመተባበር «ኖት አት ኦል» ወይም «ኦፍ ኮርስ ኖት» ትዪያለሽ። ጎረቤት ገብታ «ቅር ባይልሽ ወንፊትሽን ብታውሺኝ» ስትልሽ «ምን ቅር ይለኛል፣ ውሰጂ» የምትዪው አይነት ነው፤ እዚያም ላይ እኮ የጀመርሽው በአፍራሽ ነው።

የማታውቂውን ገምቺ፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ነገር ግን ከመገመትሽ በፊት ቢያንስ አንዱን ምርጫ ሰርዢ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ማሰብሽን ትተሽ የቀሩትን ባዶ ክበቦች ሁሉ አጥቁሪ። ሦስተኛውን ወረቀት ከነገ ወዲያ ሥሪው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የሳትሻቸውን ብቻ አንብቢ፤ ወደ ካምፓስ በምትሄዱበት ቀን ምንም አታንብቢ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የጦሳ ሥር ልጅ

ወንፊቷን አልረሳትም፤ እግዜር ያክብርልኝ መምህር። ሁለት እርሳስ ከነመቅረጫቸው ገዝቻለሁ፣ ጋቢውንም እናቴ አጥባ አስጥታዋለች፤ ዝናቡ ፋታ ከሰጠን ይደርቃል። የሚቀጥለውን ወረቀት ከሠራሁ በኋላ ስልኬን ለወንድሜ ስለምተውለት፣ ከፈተና እስክመለስ ብትጽፉልኝም አላየውም።